ራንግለሩን እየሳብን ከኦሮራ እስከ ሞአብ

ረቡዕ፤ ከኦሮራ ወደ ፍሩታ

ከኮሎራዶዋ ኦሮራ ተነሥተን በዩታ የምትገኘውን ሞአብን ለማየት ስንመክር ያከራከረን መንገዱ ሳይሆን ጂፑ ነበር። የምንጓዘው በጋሼ ሞተርሆም ነው፤ መኝታው፣ ማእድ ቤቱና መታጠቢያው እዚያው ውስጥ ስላለ ለአውራ ጎዳና ከእርሱ የሚሻል የለም። ሆኖም ሰው ሞአብ የሚሄደው አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ያለውን አለትና ገደል ሊያይ ነውና፣ የእኔን የ2015 ራንግለር ከኋላ አስሮ መውሰድ ግድ ሆነ። መኪናውን ጋሪ ላይ ጭኖ መሄድ ይቻላል፤ ግን ጋሪው ራሱ ክብደት ይጨምራል፣ በማደሪያ ሰፈሮችም የሚቆምበት ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ጂፑ አራቱም ጎማው መሬት እንደ ረገጠ እንዲሳብ ተስማማን።

ጋሼ በወጣትነታቸው በአሰብ መንገድ ባለ ተሳቢ ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ነገሩ ብዙ የሚያወያይ አልመሰላቸውም። «ካምቢዮውን ፍሪ አድርገህ እሰረው፤ ሌላ ምን አለው?» አሉኝ። አገር ቤት የተበላሸ መኪና በገመድ ሲጎተት ሁላችንም ያየነው እንዲሁ ነው፤ መንገዱ አጭር፣ ፍጥነቱም ዝግ ያለ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳቱ ሳይታይ ያልፋል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለውን መኪና ግን በዚህ ዐይነት በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር እየሳቡ ግማሽ ቀን መዋል ካምቢዮውን መግደል ነው። የካምቢዮውን ዘይት የሚያዘዋውረው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ኃይል ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶ ጎማዎቹ ካምቢዮውን ከኋላ በኩል ሲያዞሩት፣ ውስጡ ያሉት ኩሽኔታዎችና ፍሪሲዮኖች ዘይት ሳያገኙ ይፋተጋሉ። ማርሹ ኒውትራል ላይ መሆኑም አያድነውም፤ ኒውትራል የሞተሩን ኃይል ከጎማው ይለያል እንጂ ጎማው የካምቢዮውን የኋላ ክፍል እንዳያዞር አይከለክልም።

ራንግለርን ለዚህ ሥራ ምቹ ያደረገው ከካምቢዮው በስተኋላ ያለውና ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ትራንስፈር ነው። ሾፌሩ በእጁ የሚያንቀሳቅሰው የትራንስፈሩ ዘንግ ለሁለት ጎማ፣ ለአራት ጎማና ለከባድ ማርሽ ከተመደቡት ቦታዎች ሌላ የራሱ ኒውትራል አለው፤ እዚያ ላይ ሲቀመጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄዱት ሁለቱም ኃይል አስተላላፊ ዘንጎች ከካምቢዮው ይላቀቃሉ። ጎማዎቹ ሲንከባለሉ የሚያዞሩት ዲፈረንሻሎቹን፣ ዘንጎቹንና የትራንስፈሩን መውጫ ብቻ ይሆናል። የትራንስፈሩ የዘይት ፓምፕም ያለው በዚሁ መውጫ ዘንግ ላይ ስለሆነ፣ መኪናው እየተሳበ ራሱን በራሱ ዘይት ያጠጣል። ካምቢዮው ግን ፓርክ ላይ ተቆልፎ ምንም ሳይዞር ይጓዛል። ጋሼ የሚሳብ መኪና ማርሹ ፓርክ ላይ ይሁን ስላቸው በመጀመሪያ የቀለድኩ መስሏቸው ነበር።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሥራውን የጀመርነው ደልዳላ መሬት ላይ ነው። የፍሬኑን መርገጫ እንደ ረገጥኩ ማርሹን ኒውትራል አድርጌ ሞተሩን አጠፋሁ፤ ከዚያ የትራንስፈሩን ዘንግ ወደ ኒውትራል አስገባሁ። ዘንጉ በአራት ጎማና በከባድ ማርሽ መካከል ያለውን ቦታ ያዘ፤ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ላይ ነው፣ ዘንጉ የኒውትራሉ ፊደል አጠገብ መድረሱ ውስጥ ያለው ጥርስ ሙሉ በሙሉ መላቀቁን አያረጋግጥምና። የሚያረጋግጠው ፈተና ነው። ሞተሩን መልሼ አስነሣሁ፣ ማርሹን ወደ ኋላ መሄጃ አስገባሁ፣ እግሬን ከፍሬኑ አንሥቼ አምስት ሰከንድ ጠበቅሁ፤ መኪናው ንቅንቅ አላለም። ወደ ፊት መሄጃ አስገብቼ ያንኑ ደገምኩ፤ አሁንም ጸጥ። ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሽ ገብቶ፣ መኪናው ግን አልሄደም ማለት ትራንስፈሩ በእርግጥ ተላቋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነው ሞተሩን አጥፍቼ ማርሹን ፓርክ ላይ ያደረግሁት። ቁልፉ መሪው በማይቆለፍበት ቦታ ላይ ይቆያል፤ የፊት ጎማዎቹ ሞተርሆሙን ተከትለው በነጻነት መዞር አለባቸው። የእጅ ፍሬኑን የለቀቅሁት መኪናው ከታሰረ በኋላ ነው። ካምቢዮው የእጅ ማርሽ ቢሆን ኖሮ በፓርክ ፈንታ ማርሽ ውስጥ ይቀመጥ ነበር፤ ዓላማው አንድ ነው፣ ካምቢዮው እንዳይዞር።

የመጎተቻው ብረት ሁለት ክንድ ያለው ሲሆን የሚታሰረው ከጂፑ ሻንሲ ጋር በብሎን በተገጠመ መያዣ ላይ ነው። ብረቱ ከመሬት ጋር ትይዩ መሆን ይኖርበታል፤ የሁለቱ ጫፎች ከፍታ ከአሥር ሳንቲ ሜትር በላይ ከተለያየ፣ በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ ጂፑ ከሞተርሆሙ ሥር ሊገባ ወይም ሊወጣበት ይቃጣል። የደኅንነት ካቦዎቹን ከብረቱ ሥር አጣምሬ አሰርኩ። በመጨረሻ የፍሬን ሳጥኑን ከሾፌሩ መቀመጫ ፊት አስቀመጥኩት። ይህ ሳጥን ሞተርሆሙ ፍጥነት ሲቀንስ የጂፑን ፍሬን በክንዱ የሚረግጥ ነው፤ ከመገጠሙ በፊት ግን ሞተሩ ጠፍቶ ፍሬኑን ደጋግሞ መርገጥ ያስፈልጋል። በፍሬኑ አጋዥ ውስጥ የቀረው የአየር ግፊት ልዩነት ካልወጣ፣ ሳጥኑ የሚለካው በለሰለሰ መርገጫ ይሆንና ኋላ መርገጫው ሲደድር ልኩ ይዛባል። መርገጫው ከእግሬ ሥር እየጠነከረ ሄዶ እንደ ድንጋይ ሲሆን ነው ሳጥኑን የገጠምኩት። ጂፑ ድንገት ቢላቀቅ ፍሬኑን የሚያሲዝ ቀጭን ሽቦም ከሞተርሆሙ ጋር ታስሯል። ወደ ሁለት ቶን የሚጠጋ መኪና ያለ ራሱ ፍሬን በተራራ መንገድ መሳብን ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች በሕግ ይከለክላሉ፤ ባይከለክሉም ኖሮ እኔ አላደርገውም።

ኢንተርስቴት 70 ከዴንቨር ወደ ምዕራብ የሚወጣው እየከበደ ነው። በ1973 የተከፈተውና ከባሕር ጠለል በላይ 3,401 ሜትር ላይ ያለው የአይዘንሃወር ዋሻ ድረስ ሞተርሆሙ በከባድ መኪኖቹ መሥመር አቃሰተ። ከዋሻው ማዶ ያለው ቁልቁለት ግን ከአቀበቱ የበለጠ ያሳስበኝ ነበር። ጋሼ በዚህ የሚማሩት አልነበራቸውም፤ ከመውረዳቸው በፊት ማርሹን ቀንሰው በሞተሩ እየያዙ ወረዱ። ሲልቨርቶርን ስንደርስ ወርጄ የሙቀት መለኪያዬን ወደ ጂፑ ጎማዎች አነጣጠርኩ። የአራቱም ማእከል ተቀራራቢ ነበር፤ አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ቢሞቅ ኖሮ ወይ ኩሽኔታው አርጅቷል፣ ወይ ሳጥኑ ፍሬኑን አልለቀቀም ማለት ነበር። ትራንስፈሩን በእጄ ዳሰስኩት፤ ለብ ያለ ብቻ ነው። ካምቢዮው ግን እንደ ጠዋቱ ቀዝቃዛ ነበር፤ እኔም ማየት የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

የቬይልን ማለፊያና ግሌንዉድ ካንየንን ካለፍን በኋላ፣ ራይፍል አካባቢ ነዳጅ ልንቀዳ ገባን። ቀድተን ስንጨርስ አንድ ፒካፕ ከፊታችን ቆሞ ሾፌሩ የለም። ጋሼ መስተዋታቸውን አስተካክለው ወደ ኋላ ሊመልሱ ተዘጋጁ፤ ሮጬ ከለከልኳቸው።

«ተሳቢ መመለስ አስተምረኝ እንጂ!» አሉኝ ቅር ብሏቸው። «አሰብ ወደብ ላይ በስንዝር ልክ ያስገባሁ ሰው ነኝ።»

«ተሳቢ ቢሆን ማን ይከለክልዎታል፣ ጋሼ? ይኼ ግን መሪ ያለው መኪና ነው፤ ሲገፉት የፊት ጎማው በፈለገው በኩል ይጠመዘዛል።»

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ወደ ፊት ሲሳብ ጎማዎቹን የሚያቀናቸው የመሪው አሠራር፣ ወደ ኋላ ሲገፋ በተቃራኒው ያጣምማቸዋል። ጎማው እስከ ጥግ ዞሮ ወደ ጎን እየተጎተተ የመጎተቻውን ብረት ያጎብጣል፤ የመሪውንም ዘንጎች ይጎዳል። በአራት ጎማው የሚሳብ መኪና ጥቂት ሜትር እንኳ ወደ ኋላ አይገፋም፤ ተላቆ ነው የሚመለሰው። እኛም ጂፑን ልናላቅቅ ስንል የአንዱ ክንድ ፒን አልወጣም አለ፤ ሞተርሆሙ ታጥፎ ስለ ቆመ ክንዱ ተወጥሯል። ባለቤቴ ጂፑ ውስጥ ገብታ መሪውን ቀስ ብላ ወዲያና ወዲህ ስታዞረው ውጥረቱ ላልቶ ፒኑ ወጣ። ይሄኔ የፒካፑ ባለቤት ቡናውን ይዞ እየተዝናና መጣ። ጋሼ በአማርኛ ያሉትን እዚህ አልጽፈውም።

ፍሩታ ስንደርስ መሽቶ ነበር፤ ምስር ወጥ አሙቀን በልተን ተኛን።

ሐሙስ፤ ሞአብ

ከተላቀቀና እንደገና ከታሰረ መኪና ጋር የአምስት ሰከንዱ ፈተናም እንደገና ይጀመራል፤ ትናንት ማለፉ ለዛሬ ዋስትና አይሆንም። ይህን ጨርሰን ከፍሩታ በጠዋት ተነሣን፤ ክሬሰንት ጃንክሽን ላይ ከአውራ ጎዳናው ወጥተን ወደ ደቡብ በመታጠፍ ሞአብ የገባነው ከምሳ በፊት ነው።

ማደሪያችን ትንሽ ተዳፋት ነበረበት። ስናላቅቀው ባለቤቴን አጥብቄ ያስጠነቀቅኳት አንድ ነገር አለ፤ ትራንስፈሩ ኒውትራል ላይ እስካለ ድረስ ማርሹ ፓርክ ላይ መሆኑ መኪናውን አይዘውም። ፓርክ የሚቆልፈው ካምቢዮውን ነው፤ ካምቢዮው ደግሞ ከጎማዎቹ ተለያይቷል። ስለዚህ ፒኖቹ ከመነቀላቸው በፊት የእጅ ፍሬኑ በሙሉ ኃይል መያዝ አለበት፤ ትራንስፈሩ ወደ ሁለት ጎማ ተመልሶ፣ ማርሹ ገብቶ መኪናው ለመንቀሳቀስ መፈለጉ እስኪታይ ድረስም የእጅ ፍሬኑ አይለቀቅም። በአምራቹ መመሪያ ውስጥ ስለ መሳብ ከተጻፉት ማስጠንቀቂያዎች ሁሉ ሰው ሊያሳጣ የሚችለው ይሄኛው ይመስለኛል፤ ሌላው ብረት ነው።

ጎረቤታችን ያረፉት ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት የ2014 ሆንዳ ሲአርቪ ይስባሉ። የእነርሱ መኪና የሚላቀቅ ትራንስፈር የለውም፤ ቢሆንም አምራቹ እስከዚያ ዓመት ሞዴል ድረስ አራቱም ጎማው መሬት ረግጦ መሳቡን ፈቅዷል። ሥርዓቱ ግን ከእኛ ይለያል። ሞተሩን አስነሥተው ማርሹን በየቦታው ያዟዙራሉ፣ ከወደ ፊት መሄጃው ወደ ኒውትራል አምጥተው ሞተሩን ሦስት ደቂቃ ካሠሩት በኋላ ያጠፉታል፤ በዚህ የካምቢዮው ክፍሎች ዘይት ይለብሳሉ። ማርሹም በፓርክ ሳይሆን በኒውትራል ይቀራል። ከ2015 ጀምሮ ሲአርቪ ሲቪቲ የሚባል ሌላ ዐይነት አውቶማቲክ ካምቢዮ ስለ ተገጠመለት መሳቡ አይፈቀድም። አንዱ በፓርክ፣ አንዱ በኒውትራል፣ አንዱ ደግሞ ጭራሽ የማይሳብ መሆኑ፣ ከጎረቤት ሰምቶ መኪና ማሰር ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ያሳያል።

ዓርብ፤ ሻፈር

ዛሬ ጂፑ የመጣበትን ሥራ ሠራ። የሻፈር መንገድ በካንየንላንድስ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከአምባው ጫፍ ወደ ታች የሚጠማዘዝ የአፈር መንገድ ነው፤ ለመኪና የተመቻቸው በ1950ዎቹ ዩራኒየም ፈላጊዎች ማዕድኑን እንዲያጓጉዙበት ነው። ከጫፉ ቆሜ ስመለከተው የሊማሊሞ ጥምዝ ትዝ አለኝ፤ ልዩነቱ የዚህኛው አፈር ቀይ መሆኑና ከዳሩ መከላከያ ግንብ የሌለው መሆኑ ነው።

ከመውረዳችን በፊት መኪናው በሰዓት ከሦስት እስከ አምስት ኪሎ ሜትር እየተንከባለለ ሳለ ማርሹን ኒውትራል አድርጌ፣ የትራንስፈሩን ዘንግ በአንድ ፈጣን እንቅስቃሴ ወደ ከባድ ማርሽ ወሰድኩት። በዚህ ጉዞ ዘንጉ በኒውትራሉ ላይ ያልፋል እንጂ አይቆምበትም፤ በቁልቁለት አፋፍ ላይ እዚያ ቢቀር መኪናው ያለ ማርሽ መቅረቱ ነው። እትዬ ከኋላ ወንበር ሆነው እስክንወርድ ድረስ ጸሎታቸውን አላቋረጡም፤ ጋሼ ግን እያንዳንዱን ጥምዝ ይመረምሩ ነበር። ፍሬን ብዙም ሳልነካ በሞተሩ ኃይል ብቻ ወርደን፣ በፖታሽ መንገድ የኮሎራዶን ወንዝ ተከትለን ወደ ሞአብ ተመለስን።

አስፋልቱ እንደ ጀመረ ወደ ሁለት ጎማ መልሻለሁ። በእኔ ራንግለር አራት ጎማ ላይ ሲገባ የፊቱና የኋላው ዘንግ እኩል እንዲዞሩ ይገደዳሉ፤ በኩርባ ላይ ግን የፊትና የኋላ ጎማዎች የሚሄዱት ርቀት እኩል አይደለም። አፈር ላይ ጎማው ተንሸራቶ ልዩነቱን ያስተካክለዋል፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ግን ልዩነቱ በዘንጎቹ ውስጥ ውጥረት ሆኖ ይጠራቀማል። በዚህ ሁኔታ የቆመን መኪና ለመሳብ ሲዘጋጁ የትራንስፈሩ ዘንግ ወደ ኒውትራል አልገባም ብሎ ያስቸግራል፤ በጉልበት መታገል ጥርሱን ያበላሻል። መድኃኒቱ መሪውን አቅንቶ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ መሄድ ነው፤ ውጥረቱ ሲላላ ዘንጉ በቀላሉ ይገባል።

ቅዳሜ፤ እዚያው

የአርቼስ ብሔራዊ ፓርክን የድንጋይ ቅስቶች ስናይ ዋልን። ማታ ከአዲስ አበባ የአክስቴ ልጅ ደወለ፤ የመሥሪያ ቤታቸው አሮጌ ላንድ ክሩዘር ሎጊያ አጠገብ ሞተሩ ነክሶ ቆሟል፣ እስከ አዋሽ በሌላ መኪና ሊስቡት አስበዋል። ባለ እጅ ማርሽ ነው። ከሩቅ ሆኜ የትራንስፈሩን ሁኔታ ማረጋገጥ ስለማልችል ከሁሉ አስተማማኙን ነገርኩት፤ የኋላውን ኃይል አስተላላፊ ዘንግ ከዲፈረንሻሉም ከትራንስፈሩም ማላቀቅ። በየጫፉ አራት አራት ብሎን ነው፤ ሁለቱም ጫፎች በብሎን የሚታሰሩ ስለሆኑ ዘይት አይፈስም። ሲመለስ ሚዛኑ እንዳይዛባ፣ ከመፈታቱ በፊት መጋጠሚያው ላይ በቀለም ምልክት ይደረግበታል። የፊት ጎማዎቹን ማእከል በእጅ ወደ «ፍሪ» ማዞር የፊተኛውን ዘንግ ያሳርፈዋል። ሞተሩ ስለማይሠራ ፍሬኑም መሪውም እንደሚከብድ፣ ስለዚህ በገመድ ሳይሆን በብረት እንዲያስሩት፣ መሪ የሚይዝም ልምድ ያለው ሰው እንዲቀመጥ ጨመርኩለት። ሥራው ጋራዥ አይፈልግም፤ ቁልፍና ትዕግሥት ያለው መካኒክ ከመንገድ ዳር ይሠራዋል።

እሑድ፤ መመለሻ

ጥቅምት ላይ የኮሎራዶ ተራሮች አይታመኑም። ኢግል ስንደርስ በቬይል ማለፊያ በረዶ መጣሉን ሰማን። በዚህ መንገድ ላይ፣ ከዶትሴሮ እስከ ሞሪሰን ባለው ክፍል፣ ከመስከረም መጀመሪያ እስከ ግንቦት መጨረሻ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ መኪኖች ለበረዶ የሚሆን ጎማ ወይም ሰንሰለት እንዲኖራቸው ሕጉ ያስገድዳል። የጋሼ ሞተርሆም ተገቢው ጎማ አለው፤ ሆኖም በሚያንሸራትት ቁልቁለት ላይ ከኋላ የሚገፋ ሁለት ቶን መኪና ማሰር አልታየኝም። ጂፑን አላቀቅነው፤ ትራንስፈሩ ወደ ሁለት ጎማ ተመለሰ፣ ፈተናውም በተቃራኒው ተደገመ፣ አሁን መኪናው መሄድ አለበትና። በረዶው ላይ በአራት ጎማ ነድቼ ከፊት ቀደምኩ፤ ጋሼ በርቀት ተከተሉኝ። ከአይዘንሃወር ዋሻ ወዲህ መንገዱ ደርቆ ስላገኘሁት ወደ ሁለት ጎማ መለስኩ። ለቀረው መንገድ እንደገና ማሰሩን ሁላችንም ስለ ሰነፍን ሁለቱ መኪኖች ለየብቻ ኦሮራ ገቡ።

ማክሰኞ፤ ቤት

ጂፑ በተሳበበት ርቀት ሁሉ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው አልተንቀሳቀሰም። ዲፈረንሻሎቹ፣ የጎማ ኩሽኔታዎቹና የትራንስፈሩ መውጫ ግን ከሞተርሆሙ እኩል ዞረዋል፤ ስለዚህ የተሳበበትን ርቀት በደብተር ይዤ ለዘይት መቀየሪያው እደምረዋለሁ። ዛሬ ጂፑን ደልዳላ ቦታ አቁሜ የትራንስፈሩን የላይኛውን ብሎን ፈታሁ። ትንሿን ጣቴን አስገብቼ ስዳስስ ዘይቱ ከቀዳዳው ታችኛ ከንፈር ላይ ነበር፤ ጣቴ ላይ ቀይ ሆኖ ወጣ፣ የብረት ብናኝም የተቃጠለ ሽታም የለውም። ብሎኑን መልሼ አጠበቅሁ።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ደወሉ። ከሞተርሆማቸው ኋላ የሚሳብ የራሳቸውን መኪና ሊገዙ ነው፤ አንድ ግራንድ ቼሮኪ በጥሩ ዋጋ አግኝተዋል፣ «ፎር ዊል ነው፣ ጂፕ ነው፣ እንዳንተው» አሉኝ። ግራንድ ቼሮኪ በአንድ ስም ሁለት ዐይነት ትራንስፈር ይዞ ይወጣል፤ ከባድ ማርሽና ኒውትራል ያለው ይሳባል፣ ባለ አንድ ፍጥነቱ አይሳብም፤ ከውጭ ሲታዩ ግን አይለያዩም። የማርሹን አካባቢ ፎቶ ከሻጩ እንዲያስልኩ ነገርኳቸው። ፎቶው ሲመጣ የከባድ ማርሹም የኒውትራሉም ቁልፍ የለበትም። ይተዉት አልኳቸው፤ ሌላ እየፈለጉ ነው።